የጋራዥ ወለል እንደገና ልቀባ ነው፤ በምን ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና ማቆሚያዬ ወለል ኮንክሪት ነው። አምና ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር የወለል ቀለም) ቀብቼው ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላው ጎማው የሚያርፍበት ቦታ እየተላጠ ተነሣ። መሃሉ ላይ ደግሞ የቆየ የሞተር ዘይት አለ። ያኔ በሳሙና አጥቤ ብቻ ነው የቀባሁት። አሁን አንዳንዱ "አሲድ አፍስስበት፣ ይበቃል" ይለኛል። እውነት ይበቃል?

መልስ 1፦
አይበቃም ወንድሜ። አሲድ የሚሠራው ሲሚንቶውን ሲያገኝ ነው። በዘይትና በአሮጌ ቀለም ውስጥ አያልፍም። መጀመሪያ የተላጠውን ገልብጠህ እየው። ጀርባው ላይ የኮንክሪት ፍርፋሪ ይዞ ከመጣ፣ የወለሉ ላይኛው ክፍል ደክሟል። ጀርባው ለስላሳ ከሆነ ግን ቀለሙ ድሮም አልያዘም። ጎማ ሞቆ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ያልያዘውን ቀለም ይዞት ይነሣል።

እኔ የምልህ ወለሉን ፋቀው። የአልማዝ ዲስክ ያለው መፍጫ ከአቧራ መሳቢያው ጋር ተከራይ። ስትጨርስ በእጅህ ዳስሰው፤ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረህ ገና ነው። የኮንክሪት አቧራ ሲሊካ የሚባል የድንጋይ ብናኝ አለበት፣ የጎዳው ሳንባ አይመለስም። የጨርቅ ማስክ አይሆንም፤ ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር፣ ፊትህ ላይ ግጥም የሚል ይሁን። እባክህ ይህን ቀላል አታድርገው።

መልስ 2፦
ከመፋቅህ በፊት ግን ዘይቱን አውጣ። አለዚያ መፍጫው ዘይቱን በወለሉ ሁሉ ያዳርስልሃል። የዘይት ማጽጃ አፍስስ፣ በጠንካራ ብሩሽ እሸው፣ ሳይደርቅ ጠርገህ አውጣው። ከዚያ ድገመው። ሲደርቅ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርግበት። ቶሎ ከሰረገ ጥሩ ነው። ድብልብል ብሎ ከቆመ ዘይቱ እዚያው ነው። እኔ ይህችን ሙከራ ዘልዬ፣ ዘይት የነበረበት ቦታ ብቻ ክብ ክብ እየሠራ ተነሣብኝ።

መልስ 3፦
እርጥበቱን የጠየቀ የለም! 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ላስቲክ አንጥፍ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገህ ቢያንስ 16 ሰዓት ተወው። ስታነሣው ከሥሩ ላብ ከያዘ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ አትቀባ። ሁለት ሦስት ቦታ ሞክር።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባው ለስላሳ ነው። ወለሉ ስንጥቅም አለው። መቼ ልድፈነው?

መልስ 1፦
ከፋቅህ በኋላ። ስንጥቁን ትንሽ ከፈት አድርገህ አቧራውን ሳብ፣ በኢፖክሲ መሙያ ሙላ፣ ሲደርቅ መልሰህ አስተካክለው። ቀጥ ብሎ የተተወውን የኮንክሪት መገጣጠሚያ ግን በማይለጠጥ ነገር እንዳትደፍነው፤ ኮንክሪቱ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ላይ ነው።

ጠያቂው፦
ገባኝ። ዛሬ ማታ ላስቲኩን አነጥፋለሁ። ነገ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።