ማርሚታዬ ዝጎ ተበሳ፣ ላስበይደው ወይስ ልቀይረው?

ሜሪ የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። የምነዳው 2004 ሞዴል ቪትዝ ነው፣ ከሰሚት እስከ ሲኤምሲ ነው ምመላለሰው፣ ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስ ከዛ ቢሮ ማታ ወደ ቤት፣ ከዛ ውጪ ብዙም አትንቀሳቀስም። ሰሞኑን ነዳጅ ስሰጣት ድምጿ ባጃጅ ሆኗል፣ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር አሁን ግን ሙሉ ቀን ነው። ጋራዥ ወስጃት ፖንቴ ላይ ሰቀሏትና የኋላው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) መገጣጠሚያው ጋ ዝጎ ተበስቷል፣ ከመሀል ጀምሮ ሙሉው ይቀየር አሉኝ። ሰፈር ያለ በያጅ ደግሞ ላሜራ ለጥፌ በግማሽ ሰአት እጨርስልሻለሁ ይላል። ሁለቱም በጣም እርግጠኛ ናቸው፣ እኔ ነኝ እርግጠኛ ያልሆንኩት። ሌላው ደግሞ ከማርሚታው ስር አንድ ትንሽዬ ክብ ቀዳዳ አለች ጠዋት ውሃ ይንጠባጠብባታል፣ በያጁ እሷንም እግረ መንገዴን እደፍናታለሁ ብሏል። ማይገባኝ ነገር ግን መኪናዋ ምታድረው ግቢ ውስጥ ጥላ ስር ነው፣ ዝናብ እንኳን እንደሌላው መኪና አይመታትም፣ ታዲያ በምን ዛገ?

ቢኒ ጎማ፦
ኤሌክትሪክ ግዢና ተገላገይ ሃሃሃ፣ ማርሚታ የለው ዘይት የለው ካንዴላ የለው

ሜሪ የሰሚቷ፦
ቢኒ ብሩን ላክልኝና ነገ እገዛለሁ

ጋሽ ቡሎን፦
ቢኒ ይቀልዳል እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለችንን ይዘን ነው ምንኖረው፣ ስለዚህ ማርሚታም ቢሆን ጠግነን።

ሜሪ እህቴ፣ ማርሚታ ከውጪ በዝናብ ከሚዛገው ይልቅ ከውስጥ የሚዛገው ይበልጣል። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ነገር አንዱ ውሃ ነው፣ ጠብታ እንዳይመስልሽ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ነው ሚሰጠው፣ ለሰው ስናገር አያምኑኝም ግን ነው፣ ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውሃ ሆነ በቃ። ቱቦው ከጋለ ውሃው በእንፋሎት ወጥቶ ይሄዳል አናየውም። ቱቦው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን እዛው ግድግዳው ላይ ጤዛ ሰርቶ ይወርድና ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ነዳጅ ውስጥ ያለችው ድኝ ስትቃጠል ከውሃው ጋር አሲድ ትሰራለች፣ ከሞተሩ የሚወጣው የናይትሮጅን ጋዝም እንደዛው፣ እንግዲህ ማርሚታሽ ሌሊቱን ሙሉ ቀጭን አሲድ ታቅፎ ነው ሚያድረው ማለት ነው። ከሞተር በራቀ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚቀንስ መጀመሪያ ሚበላው የመጨረሻው ማርሚታ ነው። ፊት ያለው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ ሚቀበለው ቱቦ) ወፍራም ስለሆነና ሁሌም ስለሚግል እሱ ቢበላሽ እንኳን በመሰንጠቅ ነው እንጂ እንዲህ አይበሰብስም።

አሁን የራስሽን አነዳድ ተመልከቺ። ሞተሩ ገና ሞቅ ሲል ደርሰሽ ታጠፊዋለሽ፣ ትራፊክ ላይም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጪ) ቆመሽ ከሆነ ጭሱ ትንሽ ስለሆነ የኋላውን ማርሚታ አያግለውም። ጥላ ስር ማደሯ ለቀለሙ ነው ሚጠቅመው። በሳምንት አንድ ቀን አዳማ ደርሶ የሚመለስ ሰው ማርሚታው ካንቺ በጣም ይቆይለታል፣ ኪሎሜትሩ ግን ካንቺ ይበልጣል፣ ኪሎሜትር አይደለም ሚጨርሰው ቀዝቅዞ መነሳቱ ነው። ክረምት ላይ ያለው ጭቃም ያግዘዋል፣ ከላዩ ሲጋገርበት እርጥበት ይይዛል፣ ላቫጆ ስትገቢ ከስርም እጠቡልኝ በይ።

ያቺን ክብ ቀዳዳ በፍጹም እንዳታስደፍኚ!! ፋብሪካው ራሱ የበሳት ናት፣ ውሃው እንዲፈስ። እሷን ደፍነሽ ውሃው ሌላ ሰፊ ቀዳዳ ይከፍትልሻል። ምትለዪው እንዲህ ነው፣ የፋብሪካው ቀዳዳ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው፣ ክብ ነው ዙሪያው ንጹህ ነው፣ የዝገት ቀዳዳ ግን ዙሪያው ሻካራ ነው፣ ተቀርፎ ይነሳል፣ አጠገቡም ጥቁር ጥላሸት ታያለሽ። ጠዋት ውሃ ማንጠባጠቡና ነጭ እንፋሎት ማውጣቱም ጤነኛ ነው፣ ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭሱ ካላቆመና የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ ግን እሱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ) ጉዳይ ነው፣ ሌላ ወሬ ነው።

ብየዳ ወይስ ቅያሪ ላልሽው፣ መኪናዋ ቀዝቅዛ እያለ በካቻቪቴ እጀታ ቀዳዳው ዙሪያ መታ መታ ያርጉልሽ። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ካለው ብረቱ አለ ማለት ነው ይበየዳል። ድፍን ያለ ድምፅ ካለው ወይ ካቻቪቴው ሲጫነው ከገባ ብየዳ ብርሽን መጣል ነው፣ የተለጠፈው ላሜራ ይቆይና ጎኑ ይበሳል። ሙሉው ይቀየር ያሉሽን ግን ለምን በያቸው፣ የመሀሉ ቱቦ ደህና ከሆነ የኋላው ብቻ ተቆርጦ ሌላ መግጠም ይቻላል።

የብየዳ ልጅ፦
ጋሼ እናመሰግናለን ግን እኛ በያጆችን ትንሽ አቃለሉን። ማርሚታ ብየዳ ሙያ ነው፣ ችግሩ ሰው የተበሳው ላይ ብቻ ለጥፍልኝ ይላል ዋጋ ሲነገረው ደግሞ ይጮሃል። እኔ መጀመሪያ ግራይንደር አስገብቼ ዝገቱን እስከ ደህናው ብረት ድረስ እበላዋለሁ፣ ደህና ብረት ካላገኘሁ አልበይድም ብዬ እመልሳለሁ፣ ካገኘሁ 1 ነጥብ 5 ሚሊ ላሜራ ከቀዳዳው ሰፋ አድርጌ ዙሪያውን ነው ምዘጋው። ቱቦው ራሱ ስስ ስለሆነ ኤሌክትሮዱ ላይ ካረንቱ በዛ ካለ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ጀማሪ እጅ ላይ ከገባ አንድ ቀዳዳ ይዞ ሄዶ ሶስት ይዞ ይመለሳል።

እህቴ ማንም ይበይደው ብቻ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳይነቅል እንዳይጀምር፣ የመኪናሽ ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል። ማሳውን (መሬት ምንለውን ገመድ) ደግሞ ሚበየደው ቦታ አጠገብ ይሰር፣ ሌላ ጫፍ ላይ አስሮ ካረንቱ በመኪናዋ ሙሉ አካል እንዲዞር አያርገው። የቤንዚን ታንከሩ እዛው ጎን ነው፣ ጠጋ ያለ ከሆነ ቱቦው ወርዶ መሬት ላይ ይበየድ እንጂ ተንጠልጥሎ አይሆንም። አንዳንዱ ደግሞ የውሃ ጋልቫናይዝድ ቱቦ ቆርጦ ይገጥማል፣ ርካሽ ስለሆነ፣ ላይኛው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ ያስብልሃል ትኩሳት ያመጣል፣ ወተት ጠጡ ይሉናል እኔ ወተት ያዳነው አላየሁም በር መክፈትና ማስክ ይሻላል። እና እሱን አልሰራም፣ ሰሪ ካገኛችሁም እለፉት።

ዳኒ ሚኒሶታ፦
እዚህ እኛ ጋ መጥታችሁ እዩ ዝገት ማለት ምን እንደሆነ። ክረምቱን ሙሉ በረዶ እንዲሟሟ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ያ ጨው ውሃ መኪናው ስር ተረጭቶ ይቀራል፣ የኛ ማርሚታ በሁለቱም ወገን ነው ሚበላው ከውስጥ አሲዱ ከውጪ ጨው። ቡሎኑ ዳዶው ሁሉ አንድ ቁራጭ ይሆናል፣ ዘይት ረጭተህ አሳድረህ ራሱ ስትፈታው ይቆረጣል፣ ስለዚህ መካኒኩ ለማርሚታው ከሚያስከፍልህ ለተቆረጠው ቡሎን ሚያስከፍልህ ይበልጣል። እኔ ኡበር ስለምሰራ ቀኑን ሙሉ ሞቃት ነው ከውስጥ አይጎዳም፣ የመያዣው ብረትና መገጣጠሚያው ነው ሚሄደው። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ደግሞ በየአመቱ ሴፍቲ ኢንስፔክሽን አለባቸው፣ ጭስ የሚያፈስ ከሆነ አያልፍም፣ ሪጀክት የሚል ስቲከር ለጥፈው ለማሰሪያ 15 ቀን ይሰጡሃል።

አዲስ ምትገዙ ከሆነ ማግኔት ያዙ። ስቴንለስ ተብሎ ሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም፣ 409 ሚባለው ክሮሙ 11 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ማግኔት ይይዛል፣ ከላይ ቡናማ ይሆናል ግን ቶሎ አይበሳም፣ ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው ሚገጥመው። 304 ማግኔት እምብዛም አይዘውም ከሱ ይሻላል ይወደዳልም። ተራ ብረት ላይ ጥቁር ቀለም ቀብተው ሚሸጡትን ግን አደራ፣ ቀለሙ ሲግል ይላጣል። ከጃፓን የመጣ አሮጌ መኪና ምታዩ ሰዎችም ከስሩ ገብታችሁ እዩ፣ እንደ ሆካይዶ ካለ በረዷማ አገር የመጣ ከሆነ እዛም ጨው መንገዱ ላይ ይበተናል፣ ላዩ አዲስ ስሩ ዝገት ሊሆን ይችላል።

ሳምሪ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ጋሽ ቡሎን አንድ ልጠይቅዎ። የባለቤቴ መኪናም ድምፅ አላት፣ ረጅም መንገድ ስንሄድ ልጆቹ ከኋላ ያንቀላፋሉ እኔንም ራሴን ያመኛል፣ እሱ የመንገዱ ኩርባ ነው ይለኛል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ጋሽ ቡሎን፦
ሳምሪ ልጄ ይሄ ነገር አይደር፣ ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ቀለም የለው ሽታ የለው፣ ሰው ከሰል ለኩሶ በር ዘግቶ ተኝቶ ሚሞተው በሱ ነው፣ ያው ራሱ ጋዝ ነው። ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያዛል፣ ስለዚህ ትንሹም ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው፣ ከመኪና ወርዳችሁ ንጹህ አየር ስታገኙ ሚሻላችሁ ከሆነና አብረው የተሳፈሩት ሁሉ እንደዛ ሚሰማቸው ከሆነ ኩርባው አይደለም። እርግጥ ኩርባም ያማል እኔ ራሴ ጣርማበር ላይ ያመኛል፣ ግን ምኑም ቢሆን ሳይታይ ልጆች አይጫኑባት።

ለዚህ ነው ቀዳዳው የት ጋ ነው የሚለውን ምጠይቀው። ከመኪናው የኋላ ጫፍ አልፎ ከሆነ ጭሱ አብዛኛው ወደ ውጪ ስለሚሄድ አደጋው ያንሳል፣ ግን ከኋላም ዞሮ ሊገባ ስለሚችል አይታለፍም። ከመቀመጫው ስር ከሆነ ግን ወለሉ ላይ ባለች የተሸነቆረች ነገር ሁሉ ይገባል፣ አሮጌ መኪና ደግሞ ወለሉ ራሱ ተበስቶ ምንጣፍ ተነጥፎበት ነው ሚገኘው። ጭሱን ከሚያጣራው ከካታላይዘሩ በፊት ከሆነ ባሰ፣ ገና ያልተጣራ ጭስ ነው። የሜሪ የኋላው ስለሆነ ትንሽ ይሻላል ግን ልጅ ስላለሽ አትዘግዪ። እስኪሰራ ድረስ መስኮት ከፍታችሁ ንዱ፣ የኋላውን በር ግን እቃ ጭናችሁ ከፍታችሁ እንዳትነዱ፣ አየሩ ከኋላ ዞሮ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ግቢ ውስጥ በተዘጋ ቤት ሞተር አስነስቶ ማሞቅም ይቅር።

ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አንድ ሰው ያስነሳ፣ ሌላው ጓንት አርጎ በወፍራም ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለአፍታ ይጫን፣ እስስስ የሚል ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ታገኙታላችሁ። ፊት ለፊት ሞተሩ ጋ ጠዋት ቲክ ቲክ ቲክ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ወይ ስንጥቅ ነው፣ ብረቱ ሲግል ሰፍቶ ስለሚዘጋው ነው ድምፁ ሚጠፋው እንጂ ተሽሎት አይደለም።

ሜሪ የሰሚቷ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እኔ ጩኸቱ ብቻ ነበር ያስጨነቀኝ። ቼክ ኢንጂን መብራቱም በርቷል ግን ሰው ሁሉ ችላ በይው ስላለኝ ትቼዋለሁ፣ ይሄም ከሱ ጋር ይያያዛል? ነዳጅም ጨምራለች መሰለኝ።

ጋሽ ቡሎን፦
ከኋላው ማርሚታ ጋር አይያያዝም፣ ስለዚህ በኮምፒውተር ይነበብ። ከኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሚለካው) በፊት ሌላ ቀዳዳ ካለ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩ ነዳጅ አንሷል ብሎ ይዋሻል፣ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ይጨምራል፣ እንደዛ ሆኖ ነው ፍጆታ ሚጨምረው። ፒ 0420 የሚል ኮድ ካወጣ ካታላይዘሩ ደክሟል ሚል ነው፣ ግን እዛ አካባቢ ሚያፈስ ቀዳዳ ካለም ያንኑ ሊያወጣ ስለሚችል መጀመሪያ ማፍሰሱ ይስተካከል ከዛ ይነበብ። ካታላይዘሩን አውጥተን ባዶ ቱቦ እንግጠም ካሉሽ እምቢ በይ፣ ውስጡ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም አለው፣ የወጣውን ወዴት እንደሚወስዱት አንቺም አታውቂም።

የብየዳ ልጅ፦
ሜሪ ቅያሪ ከሆነ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ታገኛለሽ፣ ከመኪናሽ ሞዴል ጋር ሚገጥም መሆኑን አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ ወይ ፎቶ አንሺው። ስታነሺው ወዝውዢው፣ ከውስጡ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ከተንኳኳ ዝገቱ ተላጦ ነው ወይ ውስጡ ያለው ክፋይ ተቆርጧል፣ ተይው። አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ለምን እንደተቀባ ጠይቂና በሳንቲም ፋቅ አርጊው። የመያዣ ላስቲኮቹን አብረሽ ግዢ፣ አሮጌዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ይሆናል፣ አንዱ ሲበጠስ ክብደቱ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቅና ስፒድ ብሬከር በዘለልሽ ቁጥር እዛው ጋ ያላቅቀዋል።

ሜሪ የሰሚቷ፦
እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካቻቪቴውን ይዤ እሄዳለሁ፣ መታ መታ ሲያደርጉት ምን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ። ሳምሪ አንቺም ንገሪን።