ከጎርፍ በኋላ «ጥፋቱ የእነሱ ነው» ሲባባሉ፣ የማን እንደሆነ በምን ይለያል?

ደለል (ጠያቂ)

የ2024ቱን የስፔን የቫሌንሲያ ክልል ጎርፍ ለምትከታተሉ ጥያቄ አለኝ። የክልሉ መንግሥት «ማዕከላዊው መንግሥት መረጃ አላደረሰንም» ይላል። ማዕከላዊው ደግሞ «መረጃው ነበራችሁ፣ ሕዝቡን የማስጠንቀቅ ሥልጣኑም የእናንተ ነበር» ይላል። በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ጊዜም የኒው ኦርሊንስ ከንቲባ፣ የሉዊዚያና ገዢና ዋሽንግተን እንዲሁ ጣት ሲቀሳሰሩ ነበር። ለየትኛውም ወገን ሳያደሉ ጥፋቱን መመደብ የሚቻልበት አሠራር አለ ወይ? ከየትኛው ሰነድ ይጀመራል? «የተፈጥሮ ቁጣ ነው፣ ማን ምን ያደርጋል» የሚለውስ እስከ የት ድረስ ያስኬዳል?

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዓት ቆጣሪ

አሠራርማ አለ፤ የሚጀመረው ግን ከመግለጫ ሳይሆን ከሰዓት ነው። ስድስት ዓምድ አስምር፦ ሰዓቱ፣ የወጣው መረጃ፣ እጁ የገባው ሰው፣ ያ ሰው በዚያች ደቂቃ በሕግ ማድረግ ይችል የነበረው፣ ያደረገው፣ ማስረጃው። ፖለቲከኞች የሚሸሹት አራተኛውን ዓምድ ነው። «አላወቅሁም» እና «ሥልጣን አልነበረኝም» ሁለት የተለያዩ መከላከያዎች ናቸው። አንዱ ሲፈርስ ወደ ሌላው ይዘለላል፤ ዓምዶቹ ካልተለዩ ዝላዩን ማየት አይቻልም።

ቫሌንሲያን በዚህ እንየው። በስፔን የሜትሮሎጂ ተቋሙና የወንዝ ፍሰት የሚለካው የተፋሰስ ባለሥልጣን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ናቸው። ወደ ሕዝቡ ስልክ የሚሄደውን ማንቂያ የሚልከው ግን ክልሉ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን ከጠዋቱ 1፡36 ላይ ቀይ የዝናብ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የክልሉ የአደጋ ማስተባበሪያ ስብሰባ የተቀመጠው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ማንቂያው ስልክ ላይ የደረሰው ከምሽቱ 2፡11፣ ውሃው ከተሞቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር። ከ220 በላይ ሰው ሞቷል።

አሁን የክልሉን ክርክር በዚሁ ሠንጠረዥ ፈትሸው። በፖዮ ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ላይ ስላለው ፍሰት ከተፋሰስ ባለሥልጣኑ ወደ ክልሉ የሄደው ኢሜይል ከቀኑ 10፡13 በኋላ ተቋርጦ እስከ 12፡43 ድረስ አልተላከም። 12፡43 ላይ የተላከው ቁጥር በሰከንድ 1,686 ሜትር ኩብ ነበር። 12፡55 ላይ 2,282 ተመዘገበ፤ ከዚያ መለኪያውን ራሱን ጎርፍ ወሰደው። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ተኩሉ ክፍተት እውነተኛ ነው፣ ጥያቄውም ወደ ማዕከላዊው ተቋም ይሄዳል። ነገር ግን ከ12፡43 እስከ 2፡11 ያለው አንድ ሰዓት ከ28 ደቂቃ የማን ነው? ጠዋት ከወጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ እስከ 11 ሰዓት ያለውስ? የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የዘጋው በዋዜማው፣ ማንም ሰው ሊያየው በሚችለው የአየር ትንበያ ተነሥቶ ነው። «በዚያ መረጃ ውሳኔ መስጠት አይቻልም ነበር» ለሚል ሰው ይህ አስቸጋሪ ማስረጃ ነው።

ብዙ ሰው የሚስትበት አንድ ነገር፦ የሳተላይትና የራዳር መረጃ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ስፔን ደግሞ ከጎርፉ ሁለት ቀን በፊት፣ ኦክቶበር 27፣ የበጋ ሰዓቷን ወደ ኋላ መልሳለች። ልዩነቱን ሁለት ሰዓት አድርጎ ያሰላ ሰው ሙሉ አንድ ሰዓት ይሳሳታል። እኛ ጋ ደግሞ 20፡11ን ወደ 2፡11 ስንቀይር የሚፈጠረው ስህተት አለ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር አምጣ፣ ከዚያ ተከራከር።

የመልእክቱን ይዘትም ከሰዓቱ ለይተህ መዝን። የቫሌንሲያው ማንቂያ ከጉዞ ተቆጠቡ ነው ያለው። ብዙ ሰው ግን እየሞተ ያለው ምድር ቤት ውስጥና መኪናውን ሊያወጣ በወረደበት የመሬት ውስጥ ጋራዥ ነበር። ማለት የነበረበት «ወደ ላይኛው ፎቅ ውጡ፣ ለመኪና አትውረዱ» ነው። እንደ ፓይፖርታ ያሉ ከተሞች ላይ የዘነበው ጥቂት ነበር፤ ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው። ሰማዩን የሚያይ ሰው አደጋውን አያይም። የዝናብ ማስጠንቀቂያና የፍሰት ማስጠንቀቂያ አንድ ናቸው የሚል መግለጫ ካነበብክ ጸሐፊው ወይ አልገባውም ወይ አውቆ እያደባለቀ ነው።

ቴክኒኩ ሰበብ ሆኖ ሲቀርብ ይህንን አስታውስ፦ በሴል ብሮድካስት የሚላክ ማንቂያ እንደ አጭር መልእክት ወረፋ አይጠብቅም። ቁጥር አይፈልግም፣ በአንድ አካባቢ ካሉ ማማዎች ጋር ለተያያዘ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። «ኔትወርኩ ተጨናነቀ» አይሠራም። የሚያሳስበው ማማው መብራት ሲያጣና ባትሪው ሲያልቅ ነው፤ ይህም ቀድሞ ለመላክ ተጨማሪ ምክንያት እንጂ ለማዘግየት አይሆንም።

ለስላሳ ጭቃ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን የመጨረሻዎቹን ሰዓታት ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠቡ ሁልጊዜ እዚያ ላይ የሚሆነው ካሜራ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ከባዱ ጥፋት ብዙ ጊዜ ከአሥርና ሃያ ዓመት በፊት የተፈረመ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ካትሪና ጥሩ ማሳያ ናት። አገር ያወራው ስለ ፌማ (የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ኃላፊው ስለ ማይክል ብራውን ነበር፤ ከዚያ ሥራ በፊት የአረብ ፈረስ ማኅበር ኮሚሽነር ነበር፣ መቀለጃም ሆነ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2005 ለቀቀ። ነገር ግን ከኒው ኦርሊንስ 80 በመቶ ገደማውን ያሰመጠው የእርዳታ መዘግየት አይደለም፤ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች መፍረስ ነው። በ17ኛው ጎዳና ቦይና በለንደን አቬኑ ቦይ ግንቦቹ የወደቁት ውሃው አናታቸው ላይ ሳይደርስ ነው። የ17ኛውን ጎዳና ብንወስድ፣ ግንቡ ሲገፋ ከውሃው ወገን በግንቡና በአፈሩ መሃል ስንጥቅ ተከፈተ። ውሃ ስንጥቁን ሞላው፣ ግፊቱ ወደ ታች ወረደ፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ ተንሸራተተ። ዲዛይኑ ይህንን ስንጥቅ አላሰበውም፣ የአፈሩንም ጥንካሬ ከነበረው በላይ ገምቶታል። ግንቦቹን የሠራው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር ሲሆን፣ ኃላፊው በ2006 ስህተቱን አምኗል።

ስለዚህ ከሰዓቱ ሠንጠረዥ በፊት ሌላ ሠንጠረዥ አዘጋጅ፣ በዓመት የሚቆጠር። ሰነዶቹ እነዚህ ናቸው፦ የጎርፍ ተጋላጭነት ካርታ (መቼ ወጣ፣ ከወጣ በኋላ በዚያ ቀጠና ስንት የግንባታ ፈቃድ ተሰጠ)፣ የዲዛይን መነሻ (ግንቡ ለስንት ዓመት ድግግሞሽ ጎርፍ ታሰበ)፣ የአፈር ምርመራ ውጤት፣ የጥገና በጀት ከተጠየቀው ጋር ሲነጻጸር፣ የመጨረሻው የልምምድ ሪፖርት። የልምምዱን ሪፖርት አትናቀው። ኒው ኦርሊንስ ላይ በጁላይ 2004፣ ከካትሪና አንድ ዓመት በፊት፣ «ሃሪኬን ፓም» በሚል ስም ከተማዋ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የሚያስብ ልምምድ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ «ማን ያስበው ነበር» ማለት አይቻልም።

ሌላው የቱርክ ነው። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 የመሬት መንቀጥቀጥ በቱርክ ብቻ ከ53,000 በላይ ሰው ሞተ። ጫጫታው ነፍስ አድን ቡድኖች ስለመዘግየታቸው ነበር፤ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ነገር ግን በ2018፣ ምርጫ ሲቃረብ፣ ፈቃድ ሳይኖራቸው ወይም ከፈቃድ ውጭ የተሠሩ ሕንፃዎች በባለቤቱ ማመልከቻና በክፍያ ሕጋዊ የሚሆኑበት ምሕረት ወጥቷል። ሕንፃው ነውጥ ይችላል ወይ የሚለው ኃላፊነት ለባለቤቱ ተተወ። እንዲህ ያለ ሕግ ላይ እጅ የወጣው ደግሞ ምክር ቤት ውስጥ ነው።

ደረሰኝ

ሁለታችሁም ያለፋችሁትን ልጨምር፦ ገንዘቡና የሟች ቁጥሩ።

ገንዘቡ ላይ አራት ቃላትን አታደባልቁ፦ ቃል የተገባ፣ የተመደበ፣ የተለቀቀ፣ ተጎጂው እጅ የገባ። መግለጫ ሁሉ የሚናገረው የመጀመሪያውን ነው። ቃል ከተገባው ውስጥ ስንቱ ከዚያው መሥሪያ ቤት መደበኛ በጀት ተወስዶ አዲስ ስም እንደተሰጠው ለማየት፣ ከአደጋው በፊት የጸደቀውን በጀትና በዓመቱ መጨረሻ የታየውን ሂሳብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ብድር ከሆነም «ድጋፍ» ተብሎ አይቆጠር። ያለ ጨረታ የተፈጸመ የአስቸኳይ ግዥ ላይ ሦስት ወረቀት ይጠየቃል፦ የግዥ ማዘዣ፣ የመጋዘን ገቢ ደረሰኝ፣ የተረካቢ ፊርማ ያለበት የስርጭት ዝርዝር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ካልተመሳከሩ ዕቃው ወይ መጋዘን ውስጥ ነው ወይ የለም። ያለ ጨረታ መግዛቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ አስቸኳይነቱ ካለፈ ከወራት በኋላም በዚያው መንገድ ሲቀጠል ነው።

የሟች ቁጥር ደግሞ ራሱ የፖለቲካ ሜዳ ነው። ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 2017 ፖርቶ ሪኮን ከመታ በኋላ ይፋዊው ቁጥር ለወራት 64 ነበር። በኦገስት 2018 በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት መሠረት ወደ 2,975 ተቀየረ። ማንም ሬሳ አልደበቀም። የመጀመሪያው ቁጥር የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ሐኪሙ «በአውሎ ነፋሱ ምክንያት» ብሎ የጻፈላቸውን ብቻ ነው የያዘው። መብራት ለወራት ሲጠፋ እጥበት ያጣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ የኦክስጅን ማሽኑ የቆመበት አዛውንት፣ ኢንሱሊኑ የተበላሸበት ሰው እዚያ አይገቡም። ሁለተኛው በተለመደ ዓመት ሊሞት ከሚጠበቀው በላይ የሞተውን ቆጠረ። መንግሥት ትንሹን ቁጥር ይዞ «በሚገባ ተቋቁመነዋል» ሲል፣ የቆጠራው ዘዴ ምን እንደሆነና እስከ ስንተኛው ወር እንደቆጠረ ጠይቁ።

ለምን ቀድሞ መከላከል ላይ አይሠራም ለሚለው መልስ ያለው መራጩ ጋ ነው፣ ባይጥመንም። ሂሊ እና ማልሆትራ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2009 ያወጡት የአሜሪካ የምርጫ ጥናት ያሳየው፣ መራጭ ከአደጋ በኋላ ለወጣ እርዳታ ፓርቲውን ይሸልማል፤ ለቅድመ ዝግጅት ለወጣ ገንዘብ ግን አይሸልምም። በእነርሱ ስሌት ለዝግጅት የወጣች 1 ዶላር ወደፊት 15 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ጉዳት ትከላከላለች። ያልደረሰ ጎርፍ ፎቶ የለውም፤ ብርድ ልብስ የሚያድል ሚኒስትር ግን አለው።

ደለል (ጠያቂ)

በጣም ጠቃሚ ነው፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ፍርድ ቤት የሚያስቀርበው የትኛው ነው? እና ለስላሳ ጭቃ እንዳሉት ዋናው ጥፋት የግንቡ ከሆነ፣ በዚያን ሳምንት ሥልጣን ላይ የነበረው ከንቲባ ነጻ ይወጣል ማለት ነው?

ችሎት

ለመጀመሪያው፦ የፖለቲካ፣ የአስተዳደርና የወንጀል ተጠያቂነት የየራሳቸው ሚዛን አላቸው። በደንብ አልመራም ተብሎ ከሥልጣን ለማውረድ ወንጀል ማስረዳት አያስፈልግም፤ የቫሌንሲያ ክልል ፕሬዚዳንት የነበረው ማዞን በኖቬምበር 2025 መልቀቁን ያሳወቀው ሳይፈረድበት ነው። ለወንጀል ግን የሠራው ወይም ያልሠራው ነገርና ያ የተወሰነ ሰው መሞቱ በምክንያትና ውጤት መያያዝ አለባቸው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ክስ የሚወድቀው።

የላኲላን ጉዳይ ሰው ሁሉ ተሳስቶ ይጠቅሳል። ጣሊያን ውስጥ ኤፕሪል 6 ቀን 2009 መሬት ተንቀጠቀጠ፣ 309 ሰዎች ሞቱ። ከነውጡ በፊት የአደጋ ስጋት በሚገመግመው ኮሚሽን ስብሰባ የተሳተፉ ሰባት የሳይንስና የሲቪል ጥበቃ ሰዎች በ2012 ስድስት ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። የተከሰሱት «ነውጡን አልተነበያችሁም» ተብለው አይደለም፤ ሕዝቡን ያለ በቂ ግምገማ አረጋግታችኋል ተብለው ነው። በ2014 በይግባኝ ስድስቱ ነጻ ወጡ። የሲቪል ጥበቃ ምክትል ኃላፊው ጥፋተኝነት ግን ጸና፣ ቅጣቱ ወደ ሁለት ዓመት ወርዶ። ልዩነቱን ያመጣው በቴሌቪዥን ቀርቦ የሰጠው አጽናኝ ቃል ነው። የኮሚሽኑ ስብሰባ ገና ሳይካሄድ የተናገረው ነበር። ስለዚህ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ያለባችሁ ዝምታን ብቻ አይደለም፤ «አትስጉ» ያለውን ሰውና የተናገረበትን ሰዓት ጭምር ነው።

ኃላፊነት አምኖ ካሳ አለመክፈልም ይቻላል። በካትሪና የመሐንዲሶቹ ኮር ላይ የቀረበውን የቦዮቹን ክስ ዳኛው በ2008 የዘጋው፣ ኮሩን በጽሑፉ እየወቀሰ ነው፤ የ1928 የጎርፍ መቆጣጠሪያ ሕግ መንግሥትን ከጎርፍ ጉዳት ካሳ ነጻ ያደርገዋልና። ቱርክ ውስጥም ተቋራጩን መክሰስ ይቀላል፤ ፈቃድ የሰጠውን ሠራተኛ ለመክሰስ በ1999 በወጣው ሕግ ከአስተዳደሩ ፈቃድ ይጠይቃል። እስር ቤት ያሉት ተቋራጮች ብቻ ሲሆኑ «ጥፋተኛው ግንበኛው ነው» ወደሚል ድምዳሜ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የክስ በሩ ለማን እንደተከፈተ እዩ።

ሰዓት ቆጣሪ

ለሁለተኛው፦ አይወጣም። ለስላሳ ጭቃ ላይ የማልስማማው እዚህ ነው። ግንቡ እንደሚፈርስ ከንቲባው ማወቅ አይችልም ነበር፤ የአውሎ ነፋሱ ትንበያ ግን እጁ ላይ ነበር። የግዴታ መልቀቂያ ትእዛዝ የሰጠው ኦገስት 28 ጠዋት ነው፣ ነፋሱ ምድር ከመርገጡ በፊት አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ። ገዢዋ ኦገስት 26፣ ፕሬዚዳንቱ ኦገስት 27 የአስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። አዋጅ ግን አውቶቡስ አይነዳም። ከአካባቢው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በመኪናው ወጥቷል፤ ዕቅዱ የተሰበረው መኪና በሌለው ሰው ላይ ነው፣ የከተማዋ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በውሃ ተውጠው የታዩትም ለዚህ ነው። የከንቲባውን ጥፋት ከግንቡ ለመለየት አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ ግንቡ ባይፈርስ ኖሮ ይህ ውሳኔ ትክክል ይሆን ነበር? መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ጥፋቱ የራሱ ነው።

በዚያው መጠን ፌማንም መዝን። እርዳታ ከገዢ ጥያቄ እስኪመጣ መጠበቅ የሚለው አሠራር ያኔ በሕግ ተደግፎ ነበር። በ2006 የወጣው የማሻሻያ ሕግ የተለየ ጥያቄ ሳይቀርብ አስቸኳይ እርዳታ መላክን ፈቀደ፣ ኃላፊውም ቢያንስ አምስት ዓመት የአመራር ልምድ እንዲኖረው አስገደደ። ከአደጋ በኋላ የተቀየረ አንቀጽ ካገኘህ የቀድሞውን ጽሑፍ ከአዲሱ ጋር አስተያይ። ሕግ አውጪው ራሱ ቀዳዳው የት እንደነበር አምኖ ጽፎልሃል፤ አራተኛውን ዓምድ ለመሙላት ከዚያ የተሻለ ሰነድ አይገኝም።