ጥያቄ፦ ቀይ ቀበሮና የደን ቡና እንዴት እኩል አደጋ ላይ ሆኑ?

የአቤል እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የማይዛመዱ ሁለት የዱር ዝርያዎችን አመዳደብና የመጥፋት ስጋት አወዳድር ተብሏል። ቀይ ቀበሮንና የደን ቡናን መረጠ። አይዩሲኤን (ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት) በሚያወጣው ቀይ መዝገብ ሁለቱም «ኢንዴንጀርድ» (ለመጥፋት የተጋለጡ) ናቸው። ቡና በየገበያው ሞልቶ እንዴት ከቀይ ቀበሮ እኩል ይሆናል? የሚያስረክበው ነገ ነው፣ እባካችሁ።

ባዮሎጂ መምህር፦ አመዳደቡ አያስቸግርም፤ ገና ከስፍን (ከትልቁ የሕያዋን ምድብ) ይለያያሉ። ቀይ ቀበሮ ስፍኑ እንስሳ፣ መደቡ አጥቢ፣ ክፍለ መደቡ ሥጋ በል፣ አስተኔው ካኒዴ (የውሻ ወገን)፣ ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ። ቡና ስፍኑ ዕፅዋት፣ አስተኔው ሩቢያሴ፣ ስሙ ኮፊያ አራቢካ። አራቢካ ራሱ ዲቃላ ነው፤ አንዱ ወላጁ ሮቡስታ የሚባለው ሌላ የቡና ዝርያ ነው። ይህችን ጣል ቢያደርግ መምህሩ ደስ ይለዋል።

ጫካ ወዳድ፦ እህቴ፣ መዝገቡ የሚያየው የጓሮውንና የእርሻውን ቡና አይደለም። ከፋ፣ ያዩ፣ ሸኮ ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን ችሎ የበቀለውን ነው። ደኑ ይመነጠራል፣ አየሩም እየሞቀ ነው። በሽታ የሚቋቋም አዲስ ዘር የሚፈለገው ደግሞ እዚያው ነው።

የጎባ ልጅ፦ የቀይ ቀበሮው ጣጣ ሌላ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ እኛው ባሌ ውስጥ። ሳነቴ (የባሌ ከፍተኛ አምባ) ላይ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ሲያደባ ብታዪው ጤነኛ ይመስላል። ግን የመንደር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ካመጣበት አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዌብ ሸለቆ ውስጥ አብዛኞቹን የፈጀው እሱ ነው። እንደኔ ከሆነ የውሻ ክትባት ከአጥር ይበልጣል።

የአቤል እናት፦ ተባረኩ! ታዲያ ደረጃቸው ለምን አንድ ሆነ?

ባዮሎጂ መምህር፦ መስፈርቱ ብዙ በር አለው። ቀይ ቀበሮ የገባው ቁጥሩ ስላነሰና ስለተበታተነ ነው። ቡናው ግን ዛሬ ስላነሰ ሳይሆን በሦስት ትውልድ ውስጥ ቢያንስ 50 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ስለተሰላ ነው። አቤል በሰንጠረዡ ላይ «ደረጃ» ከሚለው ቀጥሎ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ይጨምር። ቀይ ቀበሮው ጋ «ወደ 500» ብሎ «ገደማ» የምትለዋን እንዳይረሳ፤ ቆጠራው ግምት ነው።