«ሴት አያት» ምን የሚሉት አማርኛ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ትናንት ዜና አንባቢው «ሴት አያታቸው ያሳደጓቸው» ሲል ሰማሁ። ጆሮዬን አሳከከኝ። አያት አያት ነው! ሴት ትሁን ወንድ ግሱ ይነግረናል። አያቴ መጣች፣ አያቴ መጣ። አለቀ።

ሰምና ወርቅ፦ ኧረ ተው! «ሴት ልጅ» ሲባልስ አያሳክክህም? ልጅም እንደ አያት ለሁለቱም ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ልጅ ሌላ፣ አያት ሌላ። «ሴት አማት» የሚል ሰው አጋጥሞሽ ያውቃል? አማትም ለሁለቱም ነው፤ ማንም ግራ አልተጋባም።

እንቅልፍ የለሽ፦ «ግሱ ይነግረናል» ነው ያልከው? አያትህን አንቱ አትልም እንዴ? «አያቴ መጡ» ስትል ግሱ ምን ነገረን? ወንዱም መጡ፣ ሴቷም መጡ። ሐኪም «አያትህ ስኳር ነበረባቸው?» ቢልህ ስለ ማን ልትመልስ ነው? አራት አያት አለህ እኮ!

ፊደል ቆጣሪ፦ እኔ አያቴን አንቺ ነው የምላት።

እንቅልፍ የለሽ፦ እሱማ ያስታውቃል። አያት ያሳደገው!

ሰምና ወርቅ፦ ካካካ! ቆይ ግን፣ «ያሳደገው» አልክ እንጂ «ያሳደገችው» አላልክም። አባባሉ በወንድ ነው የሚሄደው። ስንሰማው ግን የምትታየን እናቱ ስትቆጣው ከኋላዋ የምትሸሽገው ሴትዮ ናት።

ፊደል ቆጣሪ፦ አየሽ! «ሴት» ሳይባል ገባሽ። አመሰግናለሁ።

ሰምና ወርቅ፦ ገመትኩ እንጂ መቼ ገባኝ? ወንድ አያት ያሳደገው ልጅ ጠፍቶ ነው?

ተሻጋሪ፦ ትግርኛ «እኖሓጎ» እና «አቦሓጎ» ብሎ ተገላግሏል። ስዊድኖች የእናትን እናት «ሙርሙር»፣ የአባትን እናት «ፋርሙር» ይላሉ። እኛ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንጅላት እያልን ሽቅብ እንቆጥራለን፤ የቅርቧን ለመለየት «የእናቴ እናት» ማለት አለብን።

ፊደል ቆጣሪ፦ ስዊድንን እዚህ ምን አመጣት?

ዝም አልልም፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሴት በስተርጅና ስትመረቅ «አያቷ ተመረቁ» ተብሎ ይጻፋል። ወንድ ሲሆን «ጡረተኛው መሐንዲስ» ነው። የልጅ ልጅ ያላት ሴት ሙያዋ የት ገባ? ደግሞ መንገድ ላይ ጎረምሳው ሁሉ «እማማ» ይለኛል። ሃምሳ እንኳ አልሞላኝም!

ተሻጋሪ፦ እማማ አክብሮት ነው እኮ።

ዝም አልልም፦ ታላቅ ወንድሜን ታዲያ ለምን «አባባ» አይሉትም? አጠገቤ ቆሞ እሱን «ብሮ»፣ እኔን «እማማ»!

ፊደል ቆጣሪ፦ እማማ፣ ከርዕሱ አንውጣ።

ዝም አልልም፦ እስቲ ድገማት!

እንቅልፍ የለሽ፦ ሐኪሙ መልስ እየጠበቀህ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ግራ ከገባው ይጠይቀኛ።

እንቅልፍ የለሽ፦ ምን ብሎ? «ሴቷን አያት ነው?» ብሎ?