በአልጋ መኪና ጎጃምን ቀስ ብሎ ማየት፦ የት የት እንደር?

ጠያቂ፦ መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እናትና አባቴን ይዤ ከአዲስ አበባ በመነሣት፣ በደጀን በኩል ጎጃምን አቋርጬ እስከ ባሕር ዳር ለመሄድ አስቤአለሁ። የምንጓዘው አልጋ፣ ምድጃና የውኃ በርሜል በተገጠመለት ሃይሩፍ ሚኒባስ ስለሆነ፣ ሆቴል ፍለጋ ሳንቸኩል ደስ ባለን ቦታ ማደር እንፈልጋለን። እናቴ ለረጅም ዘመን ሲመኙ የኖሩት የዓባይ መነሻ ምንጭ የሆነውን ግሽ ዓባይን መሳለም ነው፤ አባቴ ደግሞ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ይወዳሉ። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ናቸው። በዋናው አስፋልት በደብረ ማርቆስ በኩል ወይስ በቢቸናና በሞጣ በኩል ብንሄድ ይሻላል? በየትኛውስ ወር?

መልስ፦ የበረሃው ሹፌር

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ነው። ከደጋው ጫፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። አልጋና ውኃ የጫነ መኪና ከተራው ሚኒባስ ስለሚከብድ፣ ፍሬን እየረገጡ ብቻ የወረዱ እንደሆነ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል፤ ስለዚህ ከላይ ጀምራችሁ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ በርሜሉንም ደጀን ከወጣችሁ በኋላ ሙሉት። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይጎብጣል። ሙቀቱም ለአረጋውያን ስለሚከብድ በማለዳ ተሻገሩ እንጂ በረሃው ውስጥ ለማደር አታስቡ።

የሞጣው መንገድ ዲማ ጊዮርጊስንና መርጡለ ማርያምን ለሚሳለም ሰው መልካም ነው። ግሽ ዓባይና የዘንገና ሐይቅ ግን በዋናው መንገድ በኩል ስለሚገኙ የእናንተ ምርጫ ግልጽ ይመስለኛል። ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ለወላጆችሽ ብርዱን እፈራለሁ፤ ከሩቅ ማየቱ ይበቃል።

ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ከዚያው ከመጡ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ከመሸ በኋላም በፍጹም አትንዱ። ናፍጣ ባገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ።

መልስ፦ የእንጅባራ ልጅ

ወንድማችን ከተናገረው በተጨማሪ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ብዙ ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲጣደፍ የሚያልፈውን ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያለውን ደጋ ረጅሙን ጊዜ ስጡት። ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ትንሽ ቀደም ብሎ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ይገኛል፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ በደን የተከበበና እጅግ ጥልቅ ሐይቅ ስለሆነ ዋና አይሞከርበትም፣ ለአባትሽ ግን ከዚህ የተሻለ መቀመጫ በመንገዱ ሁሉ አላውቅም። ለማደር ግን ወደ ከተማው ግቡና የሆቴል ግቢ አስፈቅዳችሁ መኪናውን አቁሙ፤ ዘበኛ ያለበት ግቢ ለሁላችሁም እንቅልፍ ይሰጣል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ብርድ ልብስ አይቅር።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ምድሩ ለምለም፣ ሰማዩም የጠራ ነው። በጥር የምትመጡ ከሆነ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአዊ ፈረሰኞች በዓል ታገኛላችሁ።

ወደ ግሽ ዓባይ የሚወስደው ፒስታ መንገድ ከቲሊሊ ይገነጠላል፤ ዝናብ ከጣለበት በዚያው ቀን አትግቡበት። ምንጩ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ቦታ ነው፤ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይበላሹ እንደተቀበሉ በገድላቸው ይነገራል። ወደ ምንጩ የሚቀርብ ሰው እህል ሳይቀምስ ነው።

ጠያቂ፦ መንገደኛዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወስዱት የስኳር መድኃኒት ስላላቸው ጾሙ አሳሰበኝ።

መልስ፦ የእንጅባራ ልጅ

እንግዲያውስ አልጋ ያለው መኪና የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ከቲሊሊ በጊዜ ተነሥታችሁ ሳይመሽ ምንጩ ወደሚገኝበት ወደ ሰከላ ግቡና እደሩ። ጎሕ ሲቀድ እናታችን ተሳልመው፣ ጠበሉን ቀምሰው ሲመለሱ ቁርሳቸው ምድጃው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ በቦታው ላሉት ካህናትም ሕመማቸውን ንገሪያቸው፣ እነርሱ ይመክሯችኋል።

መልስ፦ ጣና ዳር

ስለ ባሕር ዳር ጥቂት ልጨምር። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለና ሌሊት ለግጦሽ ወደ የብስ ስለሚወጣ፣ መኪናችሁን ውኃ ዳር አቁማችሁ አትደሩ። በሐይቁ ዳርቻ ብልሃርዚያ ስላለ እግርም ቢሆን አትንከሩ። በሐይቁ ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች ስለማይገቡበት፣ ከእናትሽ ጋር ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ተሻገሩና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለሙ፤ በጫካው ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ሽቅብ ስለሆነ ምርኩዝ ያዙላቸው። ጢስ ዓባይ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከውኃው ከፊሉ ወደ ኃይል ማመንጫው እንደሚጠለፍ ይወቅ፤ በበጋ ፏፏቴው ስለሚሳሳ፣ ለማየት የምትፈልጉ ከሆነ ከጥቅምት አትዘግዩ።