አልጀብራን ከመሠረቱ ለመያዝ የትኛው ይሻላል?

«አልጀብራ ከመነሻው ጠፍቶብኛል፤ ካን አካዳሚ ይሻለኛል፣ ፎቶማዝ ወይስ አስጠኚ?» ላልሽው እህቴ። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ። ብዙ ጊዜ የጠፋው አልጀብራው አይደለም፤ ክፍልፋይ ወይም የመቀነስ ምልክት ነው። ይህችን ሥሪ፦ 5 − (ኤክስ − 2)። 3 − ኤክስ ካልሽ ቅንፉ ሸውዶሻል። ትክክለኛው 7 − ኤክስ ነው፤ ከቅንፉ ፊት ያለው መቀነስ ውስጥ ያሉትን የሁለቱንም ምልክት ይገለብጣል። ካላመንሽኝ በኤክስ ቦታ 1 አስገቢ። ጥያቄው 6 ይሰጣል፣ 7 − 1ም 6 ነው። 3 − 1 ግን 2 ነው። ይህቺ ቁጥር አስገብቶ የማየት ዘዴ ከየትኛውም አፕ በላይ ጠቅማኛለች። ኤክስ + 3ን ካሬ አድርጉ ስንባል «ኤክስ ካሬ + 9» ብለን መጻፍ የሁላችንም በሽታ ነው። እዚህም 1 አስገቢ፦ ጥያቄው 16፣ የእኛ መልስ 10። የጎደለችው 6 ያቺ የተረሳችው የመሃሏ 6ኤክስ ናት።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እኔ በቪዲዮና በመልመጃ የሚያስተምረውን ድረ ገጽ፣ ካን አካዳሚን አስቀድማለሁ። ነፃ ነው። ግን ለቪዲዮው ብዬ አይደለም። ቪዲዮ እያዩ ራስ መነቅነቅ ቀላል ነው፤ ወረቀት ሲያነሱ ነው ጉዱ የሚመጣው። ጥሩው መልመጃው ነው። ሲያቅትሽ ፍንጭ እየጠየቅሽ አንድ አንድ እርምጃ መሄድ ትችያለሽ። ከአልጀብራ በፊት ከሚሰጠው ከፕሪ-አልጀብራ ጀምሪ። ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ የታች ክፍል ትምህርት መክፈት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፤ ግን ማንም አያይሽም። የምዕራፉን ፈተና ቀድመሽ ሞክሪና የምታውቂውን ዝለዪ። ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች ለግምት ስለሚያመቹ ደብተር ሳትይዢ አትክፈቺው።

ፎቶማዝ ጥያቄውን በካሜራ አንስተሽው እርምጃዎቹን ይዘረግፍልሻል። ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ የት እንደተሳሳትሽ ለመፈለግ ግሩም ነው። ከዚያ በፊት ግን አትንኪው። እኔ በእንዲህ ዓይነት አፕ የቤት ሥራዬን ሁሉ ስገለብጥ ከርሜ ፈተና ላይ ብዕሬን እያኘክሁ ተቀምጫለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ጥያቄ ስትጽፊለት አስልቶ የሚመልሰው ድረ ገጽ፣ ዎልፍራም አልፋም መልስ ለማረጋገጥ ይሆናል፤ ዝርዝር እርምጃውን ግን በክፍያ ነው የሚያሳየው።

ግራፍ ላይ ስትደርሺ ግራፍ የሚሥለውን ድረ ገጽ፣ ዴስሞስን ክፈቺ። የቀጥታ መስመሩን ቀመር «ዋይ = ኤምኤክስ + ቢ» ብለሽ ስትጽፊ ለኤምና ለቢ የሚጎተት ነጥብ ይሰጥሻል። ኤምን ጎትቺ፣ መስመሩ ያጋድላል። ከዜሮ በታች ስታወርጂው ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። ቢን ስትጎትቺ ደግሞ ተዳፋቱ ሳይነካ መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። እኔ ለሳምንታት የሸመደድኩት ነገር በአምስት ደቂቃ ነው የገባኝ። ኢንተርኔት የሚያስቸግርሽ ከሆነ እንደ ዴስሞስ ግራፍ የሚሥለውን አፕ፣ ጂኦጂብራን ጫኚው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ከስክሪን ወረቀት የምትመርጪ ከሆነ የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ የአልጀብራ መማሪያዎችን በነፃ በፒዲኤፍ ያወጣል።

አስጠኚ? የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዕሩን ማን እንደያዘ እዪ። እኔ የነበረኝ አስጠኚ አሳምሮ ይሠራ ነበር፣ እኔም አሳምሬ አይ ነበር። አንቺን አሠርቶ «እዚህ ጋ ለምን እንዲህ አደረግሽ?» የሚልሽ ካገኘሽ ግን አትልቀቂው። ያም ቢሆን መጀመሪያ ለብቻሽ ሞክሪ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሳምንት ከተቸነከርሽ ያኔ ሰው ፈልጊ።

እስቲ 2 − 3(ኤክስ − 4)ን አቃልለሽ መልሱን ከነእርምጃሽ ጻፊልኝ። እሱን አይቼ ከየትኛው ምዕራፍ ብትጀምሪ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።