ከታምቡር ወደ ዲስክ የተቀየረ የቮልስ የኋላ ፍሬን ለምን ይግላል?

ጠያቂ (ጎንደር፣ አዘዞ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሻንሲው፣ ሞተሩና ካምቢዮው የቮልስ፣ አካሉ ግን በፋይበር ተሠርቶ የፖርሽ 356 ስፒድስተርን መልክ የያዘ መኪና አለኝ። የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር፣ የ356 ደግሞ 2100 ስለሆነ ወለሉ በ30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ አጥሮ ተበይዷል። የፊት ፍሬኑ ቀድሞውኑ ዲስክ (የፍሬን ሸራዎች ከሁለት በኩል የሚጨብጡት ሳህን) ነው፤ የኋላው ታምቡር (ሸራዎች ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፉት ከበሮ) ነበር። ከኮሶዬ ወደ ከተማ በምወርድበት ጊዜ የኋላው እየጋለ መያዝ ስለሚያቆም፣ ያገለገለ የዲስክ መቀየሪያ አስመጥቼ በሠፈሬ ጋራዥ አስገጠምሁ። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ ክፍል) ከዲስኩ ጋር አንድ ላይ የተጣለ ነው፤ ካሊፐሮቹም (ሸራውን በፒስተን ገፍተው ዲስኩን የሚያስጨብጡት) የእጅ ፍሬን ክንድ አላቸው።

አሁን ግን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድሁ በኋላ የኋላ ቸርኬዎች እጅ የማያስነኩ ይሆናሉ፤ የፊቶቹ ግን ለብ ብቻ ይላሉ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ጎማውም ወደ ውጭ ስለወጣ ጉድጓድ ላይ ስወርድ የፋይበሩን ጠርዝ ይነካዋል፤ ስለዚህ ሞዞውን በቶርኖ አስልቶ ማሳነስ ይቻል እንደሆነ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ ጎንደር)

ወንድሜ፣ የፊቱ ሳይግል የኋላው ብቻ መጋሉን መጻፍዎ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። የፍሬን ፓምፑን ሳይቀይሩ የቀሩ ይመስለኛል። የፊት ዲስክና የኋላ ታምቡር ላለው ቮልስ የሚሠራው ፓምፕ፣ ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር መውጫ ላይ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም 1 ባር ገደማ የሚሆን ግፊት የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ አለበት። በታምቡር ላይ ይህ ጥቅም ነው፤ ሸራዎቹን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ (ስፕሪንግ) አለና የቀረው ግፊት አያሸንፈውም። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ሞላ የለውም፤ ፒስተኑን ትንሽ የሚስበው በዙሪያው ያለው የላስቲክ ቀለበት ብቻ ስለሆነ፣ የቀረችው ግፊት ሸራውን ከዲስኩ ጋር እያፋተገች ስትውል ሙቀቱ ይከማቻል።

እኔ በግምት ከምናገር ግን ራስዎ ይፈትኑት። መኪናው እንደጋለ በክሪክ አንሡትና አንዱን የኋላ ጎማ በእጅ ያሽከርክሩ። ከያዘ፣ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን በጥንቃቄ ይክፈቱ፤ ዘይቱ ትኩስ ነውና ዐይንዎን ይጠብቁ። ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ የታፈነ ግፊት አለ ማለት ነው። ብሎኑ ተከፍቶም ከያዘ ጥፋቱ የእጅ ፍሬን ገመዱ ወይም በቦታው የተጣበቀ ፒስተን ነው። የታፈነ ግፊት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሲይዝ መስመሩን ፓምፑ ዘንድ ያላሉት፤ እዚያ ሲላላ ከተለቀቀ ጥፋቱ ከፓምፑ ነው፤ ካልተለቀቀ ግን ከውስጥ የተዘጋ ቱቦ ይፈልጉ። ከፓምፑ ከሆነም ቫልቩን ከመውቀስዎ በፊት በፔዳሉ ዘንግና በፓምፑ ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩን ይዩ፤ ዘንጉ ፒስተኑን ገፍቶ ከያዘው ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃው መመለሻ ቀዳዳ አያገኝም።

ስለ ፔዳሉ የማምነው አንድ ነገር ነው፤ ግራና ቀኝ ካሊፐሮቹ ተቀያይረው ተገጥመዋል። ሲቀያየሩም በደንብ ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥራቸውም። ነገር ግን የአየር ማስወጫው ወደ ታች ስለሚዞር አየሩ በላይ ታፍኖ ይቀራል፤ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ቢረግጡ አይወጣም። ማስወጫው ምንጊዜም ከፒስተኑ በላይ መሆን አለበት።

መልስ (የቶርኖ ባለሙያ፣ ጎንደር)

በሦስተኛው ጥያቄ ልግባ። ሞዞውን አስልቶ ማሳነስ የሚባለውን አልመክርም። ጎማው የሚታሰርበት ገጽ ሲሳሳ፣ የጎማው ብሎን የሚይዝበት ጥርስም አብሮ ያጥራል፤ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ርዝመት ያለው ጥርስ እንዲይዝ እፈልጋለሁ። መፍትሔው ወደ ውስጥ የሚገባ ቸርኬ ማግኘት ነው። እዚህ ላይ ቀዳዳዎቹን ይለኩ፤ የድሮው ቮልስና የ356 የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ 5 ብሎን አላቸው፣ የኋለኛው ቮልስ ደግሞ በ130 ሚሊ ሜትር ላይ 4 ብሎን ነው ያለው። አራቱን የፈለገ ሰው ባለ አምስቱን ዲስክ እንድበሳለት አምጥቶልኝ መልሼዋለሁ።

ከጎማው ጠርዝ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሞዞው ያገለገለ መሆኑ ነው። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ከአክስሉ ጥርሶች ጋር ጥብቅ ብለው ካልገጠሙ፣ ፍሬን በያዙ ቁጥር ወዲያና ወዲህ እየተመታ ያልቃል። ሞዞውን አክስሉ ላይ በሚያስረው ዳዶ ሥር ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ ጨዋታው ተጀምሯል። ዳዶው 36 ቁጥር ሲሆን የሚጠበቀው በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ መጫን ነው። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ) ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ወደ ፊት ጨምረው ያጥብቁት እንጂ ፈጽሞ ወደ ኋላ አያላሉት። ዲስኩንም ከታሰረ በኋላ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መወዛወዝን በሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ያስለኩ፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል።

መልስ (የቮልስ ባለቤት፣ ደባርቅ)

እኔ ሊማሊሞን በታምቡር የምወርድና የምወጣ ሰው ስለሆንሁ የተለየ አሳብ አለኝ። ሰው ፍሬኑን ከመቀየሩ በፊት አነዳዱን ቢጠይቅ ይሻላል። 900 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በጎንደር ከ15 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል፤ ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ለመያዝ ከሞከሩ ታምቡርም ዲስክም ይግላል። በወጣሁበት ማርሽ እወርዳለሁ፤ ሞተሩ ይይዘዋል። ደግሞም ታምቡር፣ አንደኛው ሸራ ከጎማው ዙረት ጋር ራሱን ስለሚያጠብቅ፣ በትንሽ ግፊት ይይዛል። ዲስክ ይህ የለውም፤ ስለዚህ እግርዎ የበለጠ ይደክማል።

መልስ (ጡረታ የወጣው መካኒክ)

የደባርቁ ወንድማችን ስለ ማርሹ እውነት ብለዋል፤ ነገር ግን የጋለ ታምቡር ሰፍቶ ከሸራው ስለሚርቅ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል፣ የዲስክ ብልጫም እዚያ ነው። ፖርሽም ራሱ በ1963 በወጣው 356ሲ ላይ አራቱንም ዲስክ አድርጎታል። የኋላው ከፊቱ ቀድሞ እንዳይቆልፍ ግን ትራፊክ በሌለበት ሜዳማ ኮረኮንች ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ረግጠው ይፈትኑ። የኋላው ከቀደመ መኪናው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ያስፈልግዎታል።

ጠያቂ

ጋሼ፣ እንዳሉት ካሊፐሮቹ ተቀያይረው ነበር። ብሎኑ ሲከፈት የቀኙ ጎማ ወዲያው ተለቀቀ፤ የዘንጉ ክፍተት ልክ ነበር፣ መስመሩም ፓምፑ ዘንድ ሲላላ ተለቀቀ፤ ስለዚህ የኋላውን ቫልቭ አወጣነው። የግራው ግን አልተለቀቀም ነበር፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ክንዱን ከማረፊያው 3 ሚሊ ሜትር ያህል አንሥቶት ኖሯል። ሁሉንም አስተካክለን፣ አዲስ ዶት 4 ዘይት ሞልተን ትናንት ከኮሶዬ ስወርድ የፊቱ ከኋላው በልጦ ጋለ፣ ፔዳሉም ጠነከረ። ዳዶው ሥር ቀይ ዱቄት አላየሁም። ቸርኬውን ገና እየፈለግሁ ነው። የቀረኝ የእጅ ፍሬኑ በጎሃ ዳገት ላይ መኪናውን አለመያዙ ነው።

መልስ (ጡረታ የወጣው መካኒክ)

ገመዱን ፈትተው ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ይርገጡ፤ ፒስተኑ ራሱን ወደ ሸራው የሚያስጠጋው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ክንዶቹ ማረፊያቸውን እንደነኩ፣ ገመዱን ይወጥሩ። ሸራው ሲለወጥም ፒስተኑን እያዞሩ ያስገቡት እንጂ በቀጥታ አይግፉት፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ይሰበራል። የዚህ ዓይነቱ ካሊፐር የእጅ ፍሬን የታምቡሩን ያህል አይጨብጥምና፣ ጎሃ ላይ ሲያቆሙ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ ድንጋዩንም ከጎማው ሥር አይርሱ።